ሆልዲንግ ኩባንያ ምንድን ነው? የጅቡቲው ባቡር በማን እጅ እንደነበር

ሆልዲንግ ኩባንያ ሸቀጥ አያመርትም፣ ባቡር አይነዳም፤ ሥራው የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን መያዝ ነው። ጉልበቱ ያለው ድምፅ ላይ ነው። ከግማሽ በላይ አክሲዮን የያዘ ቦርዱን ይሾማል፣ ቦርዱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁን። ሆልዲንጉ የባቡር ኩባንያውን 51 በመቶ ቢይዝ፣ የሆልዲንጉን 51 በመቶ ደግሞ አንድ ባለሀብት ቢይዝ፣ ባለሀብቱ ከባቡሩ ካፒታል 26 በመቶ ያህሉን ብቻ አውጥቶ በሙሉው ያዝዛል። ሐዲዱ በሚያልፍበት አገር ግን የዚህ ሰው ስም ላይታወቅ ይችላል።

ይህ ለሰሜን ሸዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ድሮ የባሕሩ ንግድ አንኮበር የሚደርሰው በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ነበር። ከታጁራ ወደብ አሞሌ ጨው ጭኖ የመጣ ግመል ዳገቱን ስለማይወጣ ጭነቱ ከተራራው ሥር ይራገፋል፤ ከዚያ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ላይ ይወጣል። መናገሻው ወደ እንጦጦ ሲዛወር ገበያው ሳሳ፤ ባቡሩ ሲመጣ ደግሞ የባሕሩ ጭነት በድሬዳዋ ዞረ።

የባቡሩን ውል አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1894 ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ በ1896 ፓሪስ ላይ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። የፓሪስ ገበያ አክሲዮኑን እንደታሰበው አልገዛም፤ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ግን ገዙ። በ1901 «ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ትረስት» የሚል ሆልዲንግ አቋቁመው ኩባንያውን በእጃቸው አስገቡ። ልብ በሉ፤ ከምኒልክ ጋር የተፈረመው ውል አንድ ቃል አልተለወጠበትም፣ የተለወጠው የአክሲዮኑ ባለቤት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠና በየካቲት 1902 በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉም ተዋዋለ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም ልክ ነበር። ለአንድ ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በድጎማ በኩል የሌላ መንግሥት መሣሪያ ሊሆን ነበርና።

ባቡሩ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ገብቶ እዚያው ቆመ። ሐረር ያልገባው ተራራው ስለከበደው ነው። ከድሬዳዋ ያላለፈው ግን በገንዘብና በባለቤትነት ጠብ ምክንያት ነው፤ ኩባንያውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰረ። በ1908 ምኒልክ አዲስ ውል ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን ሰጡ፤ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያም ተቋቋመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከዚህ ወደ 100 የሚጠጋው ጅቡቲ ውስጥ። «ለገሃር» የምንለውም ፈረንሳዮች ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው።

በ1959 በተፈረመ ስምምነት የኩባንያው መቀመጫ ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1977 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1981 ሁለቱ መንግሥታት እኩል የሚካፈሉት ድርጅት ሆነ። ይህ ሆልዲንግ አይባልም፤ መንግሥታቱ ድርሻውን በቀጥታ ነው የያዙት፣ በመሀል አክሲዮን የሚይዝ ሌላ ኩባንያ የለም። 2018 ላይ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም የሁለቱ አገሮች ነው፦ 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው መስመር ግን ድንበር አይሻገርም፤ ያሠራውም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነው። ከሁለቱ መንግሥታት ኩባንያ ጋር የሚገናኘው አዋሽ ላይ ነው።