ቱርቦ ማሳደግ በአዲስ አበባ ዳርቻ ጋራዦች

ቱርቦ ማሳደግ ማለት መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ቱርቦ አውርዶ የበለጠ አየር በሚነፋ መተካት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ሥራው የናፍጣ መኪና ከሚበዛባቸው ከቃሊቲ፣ ከአቃቂና ከገላን ጋራዦች ጋር የተያያዘ ነው። ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከሶማሌ ተራ ነው።

የቱርቦን ሐሳብ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ነው። ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የታየው በ1962 አሜሪካ ውስጥ ነው። ናፍጣ የቤት መኪና ላይ ደግሞ በ1978 መርሰዲስ ገጠመው።

ከሞተር የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለው ፋን አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ይነፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል።

እኛ አገር ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተሩ ላንድክሩዘር ቱርቦ ስለሌለው የእንጦጦን ዳገት ሲይዝ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለውም ቢሆን አያመልጥም። ጠረፍ ላይ አየሩን በ2 እጥፍ ጨምቆ የሚያገኘውን ግፊት እዚህ ለማግኘት 2.6 እጥፍ ገደማ መጨመቅ አለበት። ስለዚህ ዘንጉ ይበልጥ ይፈጥናል፣ አየሩም ይበልጥ ይግላል። የውጭ አገር መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ የማያዋጣው በዚህ ነው። የእኛ መካኒኮች ይህን ዳገቱ ራሱ አስተምሯቸዋል።

ጎበዝ መካኒክ ቱርቦ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን ያያል። የአየር ቱቦውን ይነቅልና የዘንጉን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይይዛል። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አይደነግጥም፤ ዘንጉ የሚዞረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ስለሆነ ያ ክፍተት ያለ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በግልጽ ከተነቃነቀ ግን ቱርቦው አብቅቶለታል። ፋኑ ግድግዳውን የቧጨረበት ምልክት ካለም እንደዚያው።

አዲሱ ሲገጠም የዘይት ቧንቧው ከመታሰሩ በፊት በመግቢያው ንጹህ ዘይት ይንቆረቆርና ፋኑ በእጅ ይዞራል። ይህ ከተዘለለ ሞተሩ በተነሳ ቅጽበት ኩሽኔታው በደረቁ ይፋጫል። አሮጌ ዘይትና የተበላሸ ፊልትሮ ይዞ አዲስ ቱርቦ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ቱርቦ ብቻውን ጉልበት አይሰጥም። ለተጨመረው አየር ናፍጣው መመጠን አለበት፤ የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርም ያስፈልጋል። ናፍጣው ከበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ ፈጽሞ አይደለም፣ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ወይ በሚለው ግን አሽከርካሪዎች አይስማሙም፤ ምናልባት እንደ ነጂው እግር ይለያያል። በጣም ትልቅ ቱርቦ ደግሞ ለመነሳት ይዘገያል። እየቆመ ለሚሄድ የከተማ መኪና አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ይበቃል።



ሥራው ሲያልቅ ፈተናው ዳገት ነው። መኪናው ጭነት ይዞ ወደ ሱሉልታ ይወጣል። መካኒኩ ጎን ተቀምጦ አንድ ዓይኑን ጌጁ ላይ፣ አንዱን በመስታወት የሚታየው ጭስ ላይ ያደርጋል። ሲመለሱ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ቱርቦው እስኪቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንተከተካል።