ጎሚስታና ላቫጆ ልከፍት ነው ለምትሉ፣ አዳማ ላይ በየቀኑ የምሰማቸው ስህተቶች

ባለፈው ሁለት የሰፈር ልጆች መጥተው "ጋሼ አንድ ኮምፕረሰርና አንድ የውሃ ፓምፕ ካለን በቃ ስራ እንጀምራለን አይደል?" አሉኝ። እኔ ወለንጪቲ መውጫ በኩል ጎማ ስሰራ መኪና ሳጥብ ነው የኖርኩት፣ የልጆቹን ጉጉት ወድጄዋለሁ ግን ከተናገሩት ውስጥ ግማሹ ሰው የሚያስገድል ነገር ስለሆነ ቁጭ ብዬ ልፅፈው ወሰንኩ።

"አዳማ ሙቀት ነው፣ ጎማ ላይ አየር መቀነስ አለበት"

ይሄን ሹፌሩም ይለዋል ጎሚስታውም ይለዋል፣ "ወንድሜ ፀሀዩ ከባድ ነው ትንሽ አስተንፍሰው" የማይለኝ ደምበኛ የለም ማለት ይቻላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። አየር ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ነው ሚሄደው፣ ጎማን ከውስጥ የሚያቃጥለው ይሄ መተጣጠፍ ነው፣ ሙቀቱ ሲበዛ ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቅና ይፈነዳል። አሁን ይሄ ሰውዬ አየር አስቀንሶ ወደ አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ቤተሰብ ጭኖ 120 ሲነዳ አስቡት። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ አብዛኛው የቤት መኪና ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፣ የጎማው ጎን ላይ የምታዩት ቁጥር ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው እንጂ ሙሉበት ማለት አይደለም። የሚለካው ደግሞ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከአዋሽ ተነድቶ የመጣ ጎማ 4 ወይ 5 ፒኤስአይ ጨምሮ ብታገኙት ጤነኛ ነው፣ እንዳታስተነፍሱት።

"ጎሚስታ ጉልበት ካለህ ሌላ ምን ያስፈልጋል"

እዚ ላይ ነው እኔ በጣም ምፈራው። አዳማ የጅቡቲ መስመር ስለሆነች ከባድ መኪና ይበዛል፣ የከባድ መኪና ጎማ ከ100 ፒኤስአይ በላይ ነው ሚሞላው፣ ቸርኬው ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ያለው ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ቦታው ላይ በደንብ ካልተቀመጠ አየር ስትሞሉ እንደ ጥይት ይወጣል። ልጅ ሆኜ ተቀጥሬ በምሰራበት ቦታ ቀለበት ተፈትልኮ የጣራ ቆርቆሮ በስቶ ሲወጣ በአይኔ አይቻለሁ፣ ጓደኛዬ መፍቻ ሊያነሳ ዞር ብሎ ስለነበር ብቻ ነው የተረፈው። ስለዚህ ጎማውን ከወፍራም ብረት የተሰራ ኬጅ (የፍርግርግ ሳጥን) ውስጥ አስገብታችሁ፣ በረጅም ቱቦ፣ ራቅ ብላችሁ ሙሉ። ስትፈቱም መጀመሪያ አየሩን ጨርሳችሁ አውጡ። ኬጅ መግዣ ከሌላችሁ ከባድ መኪና አትቀበሉ፣ በባጃጅና በቤት መኪና ጀምሩ፣ እሱም ስራ ነው።

"ቲዩብለስ በገመድ ከተደፈነ አለቀ"

አላለቀም። ቲዩብለስ (ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ) ሲበሳ በውጪ በኩል የሚጠቀጠቀው ገመድ ቤት እስክትደርሱ ብቻ ነው። ጎማው ተፈቶ ውስጡ ታይቶ በውስጥ በኩል ላስቲክ ተለጥፎበት ፓች መደረግ አለበት፣ ጎኑ ላይ የተበሳን ጎማ ግን ደምበኛው ቢለምናችሁም አትስሩለት።

"ላቫጆ ውሃና ኦሞ ነው"

ኦሞ የመኪናውን ቀለም ነው ሚበላው፣ የመኪና ሻምፖ ተጠቀሙ። ጎማ እንዲያብረቀርቅ ብለው ናፍጣ ወይ የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ ለአንድ ቀን ያምራል እንጂ ነዳጅ ላስቲክ ያበላሻል፣ በአንድ እጁ ጎማ እየጠገነ በሌላው ጎማ የሚገድል ሰው መሆን ደግሞ በጣም ያሳዝናል። የሞቀ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁ። ውሃ ሚጠፋበት ቀን ስላለ ሮቶ ያስፈልጋል፣ ዘይትና ጭቃው የሚቀርበት ጉድጓድ ሳትቆፍሩም እንዳትጀምሩ ከጎረቤት ትጣላላችሁ።

"ትርፉ አዲስ ጎማ መሸጥ ላይ ነው"

ለጀማሪ አይደለም፣ ሳይዙ ብዙ ስለሆነ ብራችሁ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ጎማ ደግሞ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፣ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ነጋዴው አዲስ ነው ስላለ ብቻ አትግዙ።

"ኤሌክትሪክ መኪና መጣ፣ ስራው ሊቀር ነው"

የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ይሄን ያልጠየቀኝ የለም። የዘይት ቅየራ ስራ ይቀንስ ይሆናል፣ ጎማ ግን ኤሌክትሪክ መኪናም አለው፣ እንደውም ባትሪው ስለሚከብድና ሲነሳ ጉልበቱ በአንዴ ስለሚመጣ የጎማ ጥርስ ቶሎ ይጨርሳል። ልጆቹንም ያልኳቸው ይሄንን ነው፣ ከኮምፕረሰሩ በፊት መማር ያለባችሁ ክሪኩ የት ጋ እንደሚገባ ነው፣ ባትሪው ከወለሉ ስር ስለሆነ ክሪኩን ያገኛችሁት ቦታ ላይ ገፍታችሁ መኪናውን ብታነሱት የሰው ባትሪ ትሰብራላችሁ፣ ስታጥቡም ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ ላይ በፓምፕ አትርጩ።