የገመድ አልባ ኔትወርክ ምርምር በጣና ዳር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ቀጣዩ ትውልድ ኔትወርክ ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ ወደ ፍጥነት ይሮጣል። ስንት ሜጋ ቢት? ስንት ጊጋ ቢት? ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሚያስብ መሐንዲስ ግን የሚቀድመው ጥያቄ ሲግናሉ ውኃውን ተሻግሮ የት ይደርሳል የሚለው ነው።

በከተማዋ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ዋናው ቤት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ የከተማው ሰው «ፖሊ» የሚለው ግቢ። መነሻው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው። ኋላ «ፔዳ» ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና ፋኩልቲው ኮሙኒኬሽን ምህንድስናን እስከ ማስተርስ ያስተምራል። የመመረቂያ ጥናቶቹ ከሚያነሷቸው ጉዳዮች መካከል ብዙ አንቴናዎችን በአንድ ላይ የሚያሠራው ግዙፍ ማይሞ፣ ሞገድን ወደ አንድ ተጠቃሚ ማነጣጠርና በጣም ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው፣ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር የሚለካው የሚሊ ሜትር ሞገድ ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ ሥራው በኮምፒውተር ላይ፣ ማትላብ በሚባለው የስሌት ሶፍትዌር ይሠራል። የመለኪያ መሣሪያ ውድ ነው። አየር ላይ ሞገድ ለመልቀቅም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ይገባኛል። ግን ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ለሞገድ ጥናት እንዲህ የሚመች ሐይቅ ከግቢው ብዙም አይርቅም።

አሁን ያለው ኔትወርክ የተለያዩ ትውልዶች ድብልቅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በአዲስ አበባ በሙከራ ደረጃ የጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2014 መጨረሻ ከድሬዳዋ ሲነሳ፣ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ቀድመው ኔትወርኩን ካገኙት ከተሞች አንዷ ነበረች። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን 2ጂና 3ጂ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

ወደ ሐይቁ እንግባ። ጣና ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ይመስላል፤ ሆኖም መሬት ክብ ናትና ውኃውም ይጎብጣል። 50 ሜትር ከፍታ ያለው ታወር በሬዲዮ «ዓይን» የሚያየው እስከ 29 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው በእጁ የያዘው ስልክ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምርለታል። በድምሩ 34። ከባሕር ዳር በሰሜኑ ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ የሚጓዝ ጀልባ መሐል ሲደርስ ከሁለቱም ከተሞች 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ስልኩ ኔትወርክ ቢያጣ ማንም ሊገረም አይገባም፤ ደሴት ወይም ኮረብታ ካላገዘው በቀር። ያው ታወር 200 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን 58 ኪሎ ሜትር ያይ ነበር።

ማየት ብቻውንም አይበቃም። የ2ጂ አሠራር ስልኩ ከታወሩ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ከራቀ መልእክቱ «አርፍዷል» ብሎ አይቀበለውም። ስክሪኑ ላይ ባር ይታያል፣ ጥሪው ግን አይወጣም። 4ጂ በትክክል ከተስተካከለ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይታገሣል።

ሌላው ጣጣ የውኃው ልሙጥነት ነው። ከታወሩ የወጣው ሞገድ በቀጥታም ይመጣል፣ ከውኃው ተንፀባርቆም ይመጣል። ሁለቱ ሲገጥሙ ሲግናሉ ይጠነክራል፤ ሲጋጩ ይጠፋፋሉ። ታወርን ከታወር የሚያገናኙት የማይክሮዌቭ መስመሮች ሐይቅ ሲያቋርጡ የሚቸገሩት በዚህ ነው። የጣና ውኃ በክረምት ማግሥትና በበጋ ማብቂያ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይለያያል። 50 ሜትር ቁመት ባላቸው ሁለት ታወሮች መካከል፣ በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ይህ ልዩነት የሁለቱን ሞገዶች የጉዞ ልዩነት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር በሚጠጋ መጠን ይቀይረዋል። ትንሽ ይመስላል። በ7 ጊጋኸርዝ ፍሪኩዌንሲ ግን የሞገዱ ርዝመት ራሱ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ደህና የነበረ መስመር በግንቦት ሊያስቸግር ይችላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ አንድ ታወር ላይ ሁለት የሳህን አንቴና ከላይና ከታች ይሰቀላል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀበላል።

ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ዝናብና ቅጠልም ጠላት ይሆናሉ። በ28 ጊጋኸርዝ፣ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚጥል ዶፍ ውስጥ፣ ሞገዱ አንድ ኪሎ ሜትር በተጓዘ ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። በ900 ሜጋኸርዝ ያው ዝናብ ምንም አይለውም። የሐምሌን የባሕር ዳር ዝናብ የሚያውቅ ይህን በቀላሉ ይገምታል። የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የቡናና የዛፍ ጥላ ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሊ ሜትር ሞገድ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ካለ ይሞክረው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ሞገድ፣ ቀርፋፋ ቢሆንም፣ ወርቅ ነው።

ዓለም ላይ ያሉ የምርምር ተቋማት ፊታቸውን ወደ 6ጂ አዙረዋል። የፊንላንዱ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ የ6ጂ ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የደቡብ ኮሪያው የምርምር ተቋም ኢትሪ የራሱን ዲጂታል የስልክ ማዞሪያ በ1986 ሥራ ላይ አውሏል፤ በ1996 ደግሞ ሀገሪቱ ሲዲኤምኤ የተባለውን የሞባይል ዘዴ ለገበያ ስታቀርብ ዋና ተዋናይ ነበር። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የ6ጂን ማዕቀፍ በ2023 አጽድቋል። ማዕቀፉ ከዘረዘራቸው ስድስት የአጠቃቀም ዘርፎች ለጣና የሚቀርቡት ሁለቱ ናቸው፦ ሁሉን ቦታ ማዳረስና ኔትወርኩን እንደ ራዳር ማሠራት። ሁለተኛው በሐይቁ ላይ ያለውን ጀልባ ወይም የእምቦጭ መስፋፋት ለመከታተል ሊያገለግል ይችል ይሆናል። በብረት መርከብ ላይ የተሞከረ ዘዴ ግን ከደንገል የተሠራ ታንኳን ላያይ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚለካው እዚሁ ያለ ሰው ነው።

ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል ቀላል ነገርም አለ። የውኃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር የሚልከው ጥቂት ቁጥር ነው። ሎራ ወይም ኤንቢ አይኦቲ በሚባሉት፣ ጥቂት ዳታ በትንሽ ኃይል በሚልኩ የሬዲዮ ዘዴዎች ባትሪው ዓመታት ይቆያል። 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ስለሆነ ቁጥሩን የሚፈልገው ብዙ ነው።

አስተማማኝነት ሲነሳ ሁሉም ነገር የምህንድስና ጉዳይ እንዳልሆነ መጥቀስ ግድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ታወሩ ቆሞ፣ አንቴናው ደህና ሆኖ፣ ዳታ የለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታወሩ በባትሪና በጀነሬተር ነው የሚተነፍሰው። ደሴት ላይ ናፍጣ በጀልባ ማመላለስ ስለማያዋጣ ፀሐይ ኃይል ሳይሻል አይቀርም። ተጠቃሚ በሌለበት ሌሊት የታወሩን ክፍሎች የሚያስተኛ አሠራርም ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆኗል።

መሐል ሐይቅ ላለው ክፍተት ስልክን በቀጥታ ከሳተላይት ጋር ማገናኘት ተስፋ የተጣለበት መንገድ ነው። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2027 በሚካሄደው የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ አለ። እዚያው ጉባኤ ላይ ከ7.125 እስከ 8.4 ጊጋኸርዝ ያለው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ለሞባይል ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ተብሎ ይመከራል። ረጅም ርቀት የሚሄዱ የማይክሮዌቭ መስመሮች በብዛት የሚጠቀሙት በዚህ አካባቢ ያለውን ባንድ ነው። ለ6ጂ ከተሰጠ መስመሮቹ ወይ ወደ ሌላ ባንድ ይዛወራሉ፣ ወይ በፋይበር ይተካሉ። ጣና ላይ ፋይበር ማለት ደግሞ ሐይቁን መዞር ወይም ኬብሉን ከውኃው ሥር መዘርጋት ነው።