ተክፊር ምንድን ነው? ስልካችን ውስጥስ እንዴት ገባ?

ገና ሲቃረብ ባሕር ዳር ያለ ሙስሊም ወጣት ስልክ ላይ የማትጠፋ ቪዲዮ አለች። አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። አንድ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለክርስቲያን ጎረቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ያለ ሙስሊም ከእስልምና ወጥቷል ይላል። ከኋላ ነሺዳ፣ ከታች በቀይ የተጻፈ «ሼር አድርጉ»። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተማረ፣ ማን ጠይቆት እንደመለሰ ምንም የለም።

ይቺ «ከእስልምና ወጥቷል» የምትለው ፍርድ ናት ተክፊር የምትባለው። ራሱን ሙስሊም ነኝ የሚልን ሰው «አይ፣ አንተ ካፊር (ከሃዲ) ነህ» ብሎ መፈረጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። «ይሄ ሐራም ነው» ማለት ተክፊር አይደለም። ለምሳሌ የሳዑዲው ሸኽ ኢብን ዑሠይሚን ለክርስቲያኖች በዓል እንኳን አደረሳችሁ ማለትን ከልክለዋል። ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ደግሞ ፈቅደዋል። ይሄ የዑለማ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ክርክር ነው፣ ብንወደውም ባንወደውም። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሁሉ፣ ሰለፊ የተባለ ሁሉ ተክፊሪ አይደለም። ሱሪው ያጠረውን ልጅ ሁሉ አሸባሪ የሚል ሰውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ሰባኪ ብዙ አይርቅም።

ነገሩ ከኢንተርኔት ጋር አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ657 ሙስሊሞች እርስ በርስ ከተዋጉበት የሲፊን ጦርነት በኋላ ኸዋሪጅ የተባሉት፣ ዓሊ ሽምግልና ስለተቀበሉ ብቻ ካፊር ሆነዋል ብለው ተነሱ። የነቢዩን የአጎት ልጅና አማች፣ አራተኛውን ኸሊፋ! በ661 ከነሱ አንዱ ኩፋ ውስጥ በሰይፍ መታቸው፤ በዚያው ሞቱ። ለዚህ ነው ዑለማው የተክፊርን በር ያጠበቡት። ወንድሙን «ካፊር» ያለ ሰው፣ ቃሉ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያርፋል የሚለው ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) ቡኻሪና ሙስሊም በተባሉት ሁለት የሐዲስ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ፍርዱ ቢመጣ እንኳ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ ሰውየው አውቆ ነው ያደረገው? ተገዶ ይሆን? ተሳስቶስ? የሚፈርደውስ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 ዮርዳኖስ ላይ የተሰበሰቡ ከ50 አገሮች የመጡ 200 ገደማ ዑለማም የታወቁትን መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ አስተምህሮዎች) ተከታዮች ካፊር ማለት አይቻልም ብለው ተስማምተዋል።

ታዲያ ስልክ ምን ለወጠ? አንዋር አል-አውላቂን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ የተወለደ የየመናውያን ልጅ ነው። መጀመሪያ የታወቀው ስለ ነቢያት ታሪክ በሚናገር፣ በሲዲ በሚሸጥ ትምህርቱ ነበር። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ፣ ለወጣት የሚጥም። ኋላ የመን ገብቶ ከአልቃይዳ ጋር ሆነና ለጥቃት መቀስቀስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ለንደን ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት የፓርላማ አባሉን ስቴፈን ቲምስን በቢላ ወጋች። አውላቂን በአካል አግኝታው አታውቅም። ንግግሩን ኢንተርኔት ላይ ስትሰማ ነው የከረመችው። እሱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 በአሜሪካ ድሮን ተገደለ፣ ቪዲዮው ግን ቀጠለ። ዩቲዩብ በሰፊው ማጽዳት የጀመረው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው።

የሰፈር ሸኽ ጠያቂውን ያውቀዋል። ግሽ ዓባይ አካባቢ ያለ ልጅ «ሸኻችን፣ የክርስቲያን ጓደኛዬ ሰርግ ልሂድ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እሳቸው አባቱንም፣ ሙሽራውንም፣ ድግሱንም ያውቃሉ። ደጋሹ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ በግ ገዝቶ፣ ራሳቸው እንዲያርዱት ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ድስቱንም ጭልፋውንም ለይቶ እንደሚያሰናዳ ያውቃሉ። ይሄ እኛ ጋ የቆየ ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ይበላል። የስልኩ ሰባኪ ይህን ከየት ያመጣዋል? ለሺህ ሰው አንድ መልስ ይሰጣል፣ መልሱም በኃይለኛው በኩል ሲሆን ነው የሚታየው። ለስላሳውን ማን ሼር ያደርጋል!

ኢንተርኔት መዝጋትም መፍትሔ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ሳለ ሰዉ ፊልሙንም መንዙማውንም ዳዕዋውንም በፍላሽና በሚሞሪ ነበር የሚቀባበለው። ቪዲዮው ይደርሳል፣ ከሥሩ «ይሄ ስህተት ነው» ብሎ የሚመልሰው ኮሜንት ግን አብሮ አይመጣም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ሌላ አለ። ይቺን የገና ቪዲዮ መጀመሪያ የላከልኝ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው፤ «አያችሁ ምን እንደምትሉን» ብሎ። ተናዶ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን የተናደደውም፣ የደገፈውም፣ ረድ የሚያደርገው (መልስ የሚሰጠው) ኡስታዝም፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ገብቶ የሚሳደበውም ለአልጎሪዝሙ አንድ ናቸው። እይታ ነው የሚቆጥረው። እንደ እኔ ግምት፣ ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ሰባኪ ስሙ የሚነሳው ከተከታዮቹ ይልቅ በጠሉት ሰዎች ነው።

ፕላትፎርሞቹን ጠብቀን ደግሞ የትም አንደርስም። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር አደጋው ከታየባቸው አገሮች አንዷ አድርጋ የጠራችው ኢትዮጵያን ነው፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች የሚደረገው ቁጥጥር ደካማ መሆኑንም ተናግራለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ ሪፖርት አድርጉት፣ ግሩፕ ላይ ግን አትለጥፉት። ስለ እሱ መጻፍ ካለባችሁ የተባለውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ሊንኩም የሰውየው ፎቶም ይቅር። ሙሉ ንግግሩ ካለ ፈልጉት፣ አንዳንዴ ከመቆረጡ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ሌላ ነው የሚለው። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ጁምዓ ሲያልቅ ስልኩን ይዛችሁ ሸኻችሁ ጋ ቅረቡ።