«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል»

የዚህ አባባል ሥር የቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ነው። ባላጋራውን በጉልበት መግታት የማይችል ተበዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ፣ የተጠራበት ሰው ባለበት መቆም፣ አላፊ መንገደኛም ዳኛ ሆኖ ነገራቸውን እንዲሰማ ሲለመን እሺ ማለት ይጠበቅበት ነበር። «በኃይለ ሥላሴ አምላክ» እየተባለ በንጉሥ ስም የሚቆምበት ጊዜም ነበር፤ በዚህኛው ግን የሚጠራው ሕጉ ራሱ ነው። ጥሪው ፍርድ አይደለም። ማን እንደበደለ ሳይወስን፣ ዳኛ እስኪያየው ድረስ ኃይለኛው እጁን እንዲሰበስብ ብቻ ያዛል።

የአባባሉን ፍሬ ነገር በሕንድ የዜግነት ሕግ ተቃውሞ ውስጥ በግልጽ አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የጸደቀው ማሻሻያ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከአፍጋኒስታን መጥተው እስከ 2014 መጨረሻ ሕንድ ለገቡ ሂንዱዎች፣ ሲኮች፣ ቡድሂስቶች፣ ጄይኖች፣ ፓርሲዎችና ክርስቲያኖች የዜግነት መንገድ ሲከፍት ሙስሊሞችን ተወ። መንግሥት ዓላማው በእነዚያ አገሮች የሚሳደዱ አናሳዎችን መታደግ እንደሆነና ከማንም ዜግነት እንደማይነጥቅ ተናገረ። ተቃዋሚዎቹ ግን ሃይማኖትን የዜግነት መለኪያ ማድረግ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 14 ጋር ይጋጫል አሉ፤ አንቀጹ በሕግ ፊት እኩልነትን ለዜጎች ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ ምድር ላለ ለማንኛውም ሰው ያረጋግጣልና።

በደቡብ ዴልሂ ሻሂን ባግ በተባለ ሠፈር፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ሴቶች፣ አያቶች ጭምር፣ በክረምቱ ብርድ መንገድ ላይ ተቀምጠው ከረሙ፤ መቀመጫቸው የተነሣው በኮሮና ምክንያት በማርች 2020 ነው። በየአደባባዩ ሰልፈኞች «እኛ የሕንድ ሕዝብ» ብሎ የሚጀምረውን የሕገ መንግሥቱን መግቢያ በኅብረት እያነበቡ፣ የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ የነበሩትን የአምበድካርን ምስል ያነሡ ነበር። ይህ ለእኔ «በሕግ አምላክ» ማለት ነው፤ በምክር ቤት ድምፅ ብልጫ የሌለው ወገን፣ ድምፅ ብልጫ ያለውን ከሁለቱም በላይ በሆነ ቃል ኪዳን ስም ማስቆሙ ነው። የጮኹት ሴቶች ደካሞች መሆናቸው ጥሪውን አያቀለውም፤ አባባሉ የተበጀውም ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

ውሃው ግን አልቆመም። ሕጉ እንዲታገድ የቀረበለት ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በጃንዋሪ 2020 መንግሥትን ሳይሰማ እንደማያግድ አስታወቀ፤ የማስፈጸሚያ ደንቡም የመጨረሻ ፍርድ ሳይሰጥ በማርች 2024 ወጣ። ዳኛ እስኪያይ መቆም የሚለው የጥሪው ዋና ነገር እንዲህ መታለፉ ያሳዝነኛል፤ ዜግነትን የሚያህል ጉዳይ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሊዳኝ ይገባው ነበር።