ፖሊስ የመዘገበው ወንጀልና የተፈጸመው ወንጀል ለምን አንድ አይደለም

ደሴ ላይ ክሪሚኖሎጂ፣ ማለትም የወንጀል ጥናት፣ ለምትማሩ ልጆች ነው ይሄ፣ ብዙዎቻችሁን ግራ ሲያጋባ ስላየሁ። ሌክቸር ላይ የወንጀል ድብቅ አሃዝ የሚባል ነገር አለ አይደል፣ እሱ ማለት ተፈጽሞ ግን ፖሊስ መዝገብ ላይ ያልገባ ወንጀል ነው በቃ።

እንበል ሰኞ ገበያ ግፊያው መሀል የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ ተከፍቶ ሞባይሏ ተወሰደባት። ጣቢያ ሄዳ ላመልክት ትላለች፣ ግን ደረሰኙ የለም፣ ሌባውን አላየችውም፣ እየመሸ ነው የሐይቅ ሚኒባስ ሊያመልጣት ነው፣ አብረዋት ያሉትም "ተይው ባክሽ አይገኝም" ይሏታል፣ ሳታመለክት ትታው ትሄዳለች። ወንጀሉ ተፈጽሟል፣ መዝገብ ላይ ግን የለም። የቤት ውስጥ ጥቃትማ ከዚህም ይብሳል፣ ወይ በሽምግልና ያልቃል ወይ ሴቷ አፍና ትይዘዋለች፣ እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ለዚህ ነው እንግሊዝና ዌልስ ላይ በ1982 እ.ኤ.አ. ሰዉን ራሱን ቤት ለቤት እየሄዱ ምን ወንጀል ደረሰብህ ብለው መጠየቅ የጀመሩት። እሱም ቢሆን ግድያን አይዝም፣ የሚጠየቀው በህይወት ያለ ሰው ስለሆነ።

ፈተና ላይ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፦ የፖሊስ ቁጥር ጨመረ ማለት የግድ ወንጀል ጨመረ ማለት አይደለም፣ ሰው ፖሊስን ማመን ጀምሮ በብዛት አመልክቶም ይሆናል፣ ወይ ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ጣቢያ ተከፍቶ። ስለዚህ ጨመረ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ማን እንደቆጠረውና እንዴት እንደቆጠረው ጻፉ።