አሜሪካን በአውሮፕላን መጎብኘት፦ ከቦሌ እስከ አገር ውስጥ በረራው

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚደረግ የጉብኝት ጉዞ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱ በረራ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለው ክፍተት ሻንጣ ይቀራል፣ ያልታሰበ ቪዛ ይጠየቃል፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ረጅም ኮሪደር ውስጥ ግራ ይጋባሉ። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱ ወላጆች፣ ለጉባኤ ለተጠራ ባለሙያ፣ ለሠርግ ለሚጓዝ ዘመድ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። ቀድሞ ከታወቀ ደግሞ አብዛኛው ይቀራል።

መንገዱና በመሐል የሚቆመው በረራ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ደለስን ጨምሮ ወደ ተለያዩ የአሜሪካ ከተሞች ይበራል። ሲሄድ በመሐል የሚያርፈው አውሮፕላን ሲመለስ ከዋሽንግተን ተነስቶ 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ በርሮ ቦሌ የሚገባው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና አትላንቲክን የሚያሻግር ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ከፊት ነው። ደብሊንና ሎሜ በተለያየ ጊዜ ለዚህ ማረፊያነት አገልግለዋል። ማረፊያው ነዳጅ ለመሙላት ብቻ ከሆነ ተሳፋሪው አይወርድም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው «ደረስን» ብሎ ዕቃውን እንዳያወርድ አስቀድሞ ቢነገረው ጥሩ ነው።

በአውሮፓ በኩል ለሚሄድ አንድ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ በሌላቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት መካከል ነው። በሥራ ላይ ያለ የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን ከዚህ ነፃ ይሆናል። ነፃነቱ የሚሠራው በአንድ የሸንገን ኤርፖርት ብቻ ሲያልፍ ነው። ቲኬቱ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት ፓሪስ፣ ከፓሪስ ኒውዮርክ የሚል ከሆነ የፍራንክፈርትና የፓሪሱ በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር ተጓዡ ሸንገን ገባ ማለት ነው፤ ሙሉ የሸንገን ቪዛ ከሌለው ቦሌ ላይ ይመለሳል። ርካሽ ቲኬት ሲገዛ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው። በአቡ ዳቢ የሚያልፍ ደግሞ የአሜሪካን ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ እዚያው ጨርሶ ስለሚሳፈር፣ አሜሪካ ሲደርስ እንደ አገር ውስጥ መንገደኛ ይወጣል። በደብሊን አውሮፕላን ቀይሮ የሚሄድም እንደዚሁ ነው።

የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ወገኖቻችን በቪዛ ፈንታ «ኤስታ» የተባለውን የኢንተርኔት ፈቃድ ሞልተው እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላሉ። እስራኤል በዚህ አሠራር የገባችው በ2023 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 90ው ቀን አይራዘምም። በገልፍ አገሮች የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ምንም ይሁን ምን ቪዛ ያስፈልገዋል።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

ቲኬት ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። የኛ አጠራር ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በመሆኑ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። መገመት አያስፈልግም። በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች በላይኛው ላይ፣ ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ መጀመሪያ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው፤ ከሁለቱ የማዕዘን ምልክቶች (<<) በኋላ ያለው ደግሞ የራስ ስም ነው። ቲኬትም፣ ቪዛም፣ ኤስታም በዚያው ቅደም ተከተል ይሞላል።

ሰዓቱ ከስሙ የበለጠ ሰው ያስቀራል። ቲኬቱ «ማክሰኞ 12:30 ኤኤም» ካለ በኛ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 6:30 ነው፤ ማለትም ተሳፋሪው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኤርፖርት መገኘት አለበት። ማክሰኞ ማታ የሄደ ሰው በረራው ካለፈው አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ምንም አልቀረው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 06/07 ማለት እነሱ ዘንድ ሰኔ 7 እንጂ ሐምሌ 6 አይደለም፤ እሱም በፈረንጅ ወር። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁሌም የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች።

ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ

ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ ክፍል የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚዛኑ ፓውንድ ሆኖ ገደቡ 50 ይባላል። 23 ኪሎ ግን 50.7 ፓውንድ ነው። ቤት ውስጥ 22.5 ኪሎ ላይ ማቆም ሻንጣ መመዝገቢያው ፊት ሻንጣ ከፍቶ ዕቃ ከማዘዋወር ያድናል።

ስንቅ የሚባለው ዕቃ ሁሉ በሚጫነው ሻንጣ ቢገባ ይሻላል። ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ጣሳ ለስላሳ፣ የበለጠ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ለብቻ ይፈተሻል፤ ፈታሹ ካላመነበትም ይቀራል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽሮና በሶ ሁሉም ዱቄት ናቸው። እናት ስድስት ወር ደክመው ያዘጋጁት በርበሬ በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ እንዳይቀር፣ በሁለት ወፍራም ላስቲክ ታሽጎ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ከሻንጣው መሐል ይቀመጥ። ማርና አዋዜ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አይያዙም። ፓወር ባንክ በተቃራኒው ከሰው ጋር እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊአምፔር ገደማ ያለው ነው።

ቋንጣም ሆነ ሥጋ ያለበት ወጥ ከኢትዮጵያ አይገባም፤ ትኩስ ፍራፍሬም እንዲሁ። ቡና ጥሬውም የተቆላውም ይገባል፤ ጥሬው የሚከለከለው ወደ ሃዋይና ፖርቶሪኮ ብቻ ነው። ጫት ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው አደንዛዥ ዕጾች ጋር የተመደበ ስለሆነ፣ «ለሽማግሌ ትንሽ ነው» ማለት አያድንም። ለሌላው ሁሉ ትልቁ ደንብ አንድ ነው፦ ምግብ ይዘሃል ወይ ሲባል «አዎ» ማለት። ያስመዘገበ ሰው የተከለከለ ነገር ቢገኝበት ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም። «የለኝም» ብሎ የተገኘበት ለመጀመሪያ ጊዜ 300 ዶላር ሊቀጣ ይችላል፤ አውሮፕላን ላይ ተሰጥቶት ቦርሳው ውስጥ የረሳው ፖም እንኳ ለዚህ ይበቃል። ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብም መመዝገብ አለበት፤ ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ የሚቆጠረው ድምሩ ነው።

የመጀመሪያው መግቢያ

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ብዙ በረራም የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ እንደ ዱባይ ወይም ቦሌ የትራንዚት ክልል የላትም። መጨረሻው ሚኒያፖሊስ የሆነ ተጓዥ በቺካጎ ከገባ፣ ኢሚግሬሽኑንም ጉምሩኩንም የሚጨርሰው ቺካጎ ነው። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ሚኒያፖሊስ» ቢልም ቺካጎ ላይ ከሚሽከረከረው ቀበቶ ራሱ አንስቶ፣ በጉምሩኩ አልፎ፣ መውጫው አጠገብ ላለው ሻንጣ መልሶ መቀበያ ማስረከብ አለበት። «ተለጥፎበታል፣ ራሱ ይሄዳል» ብሎ ያለፈ ሰው ሻንጣው ቺካጎ ይቀራል። ከዚያም አዲስ የደኅንነት ፍተሻ አለ፤ ዱባይ የተገዛ ሽቶ ወይም መጠጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ ሻንጣው ከመመለሱ በፊት ውስጡ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ፍተሻው ላይ ሊወሰድ ይችላል። ይህ ሁሉ ሰልፍ ስላለው በአንድ ቲኬት ለሚቀጥል ሰው ከ3 ሰዓት ያነሰ ክፍተት አይመከርም። ቲኬቱ ለየብቻ የተገዛ ከሆነ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም፤ እንዲያ ከሆነ ያን ቀን ባይቀጥሉ ይሻላል።

መኮንኑ ፊት አሻራና ፎቶ ይነሳል፤ ጥያቄው አጭር ነው፦ ለምን መጣህ፣ የት ታርፋለህ፣ ስንት ጊዜ ትቆያለህ። የሚያርፉበት አድራሻ በወረቀት ተጽፎ እጅ ላይ ይኑር፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል። አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ በስልክ አማርኛ የሚችል ሰው ሊገናኝ ይችላል። እዚህ ላይ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አያት «የልጅ ልጄን ልይዝ መጣሁ» ሲሉ በኛ ፍቅር ነው፤ ሲተረጎም ግን ሞግዚትነት ይመስላል፣ ሞግዚትነት ደግሞ ሥራ ነው፤ በጎብኚ ቪዛ ሥራ አይፈቀድም። «ልጄን ልጎበኝ፣ የልጅ ልጄን ላይ» የሚለው እውነቱንም ይናገራል፣ አያሳስትምም። መልሱ ቪዛ ሲጠየቅ ከተሞላው ቅጽ ጋር መግጠም አለበት።

ቪዛውና መቆያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ የሚሆን፣ 3 ወር የሚያገለግል ሆኗል። ይህ ግን እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል ነው የሚናገረው። እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው መኮንኑ በኮምፒውተር የሚመዘግበው አይ-94 ነው፤ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆች በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ገብተው የወላጆቻቸውን አይ-94 ያውጡ፤ ስምና ቀኑንም ይመልከቱ። ከተጻፈው ቀን ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ 10 ዓመት እንዳይመለስ ይከለከላል። ማራዘም የፈለገ ቀኑ ሳያልፍ አይ-539 የተባለውን ቅጽ ያስገባል።

ዊልቸር

ቋንቋ ለማይችሉና ረጅም መንገድ ለሚያደክማቸው ወላጆች ከሁሉ የሚጠቅመው አገልግሎት ይህ ነው። ቲኬቱ ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ ይጠየቃል፤ ነፃ ነው። የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክና ቀጣዩ ጌት ድረስ ይዟቸው ይሄዳል። መራመድ መቻላቸው አያስነውርም፤ ርቀቱን መቻል ሌላ ነገር ነው። ለሠራተኛው ጥቂት ዶላር ጉርሻ መስጠት የተለመደ ስለሆነ ዝርዝር ዶላር ይያዝ። በአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ልጅ ወላጁን ጌቱ ድረስ ለመሸኘት ከአየር መንገዱ የመንገደኛ መመዝገቢያ የሸኚ ማለፊያ መጠየቅ ይችላል፤ መስጠት አለመስጠቱ የሠራተኛው ውሳኔ ነው።

አገር ውስጥ መብረር

ለፍተሻ የጎብኚ መታወቂያ ዋናው ፓስፖርት ነው፤ ኮፒው አይሠራም፤ ፓስፖርቱን ዘመድ ቤት ትቶ የመጣ ሰው ብዙ ጣጣ ይገጥመዋል። የሚጫን ሻንጣ ከበረራው 45 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ፣ የአውሮፕላኑ በር 15 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። በተናጠል በተገዛ የአገር ውስጥ ቲኬት ከኢትዮጵያ የመጡት ሁለት ሻንጣዎች ነፃ አይደሉም፤ በአብዛኞቹ አየር መንገዶች እያንዳንዱ ይከፈልበታል። እንደ ፍሮንቲየር ባሉት ርካሾቹ ዘንድ ከመቀመጫ ሥር ከምትገባ ትንሽ ቦርሳ በቀር ሁሉም ክፍያ አለው። ስለዚህ ዋጋ ሲነጻጸር ከነሻንጣው ይሁን።

የኤርፖርቱን ስም ማየት ግድ ነው። ዋሽንግተን ደለስ፣ ሬገንና ባልቲሞር ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ ደለስ አርፎ ከሬገን የሚነሳ ሰው በሲልቨር ላይን ባቡር ሮዝሊን ወርዶ ብሉ ላይን መያዝ ይኖርበታል፤ ከነሻንጣው ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፖርትላንድም ሁለት አለ፣ አንዱ በሜይን፣ ሌላው በኦሪጎን፤ መሐላቸው መላው አገር ነው።

በበጋቸው ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነጎድጓድ፣ በክረምታቸው በረዶው በረራ ያዘገያል፤ የዘገየው ደግሞ ተከታዩን ያዘገያል። የጠዋቱ የመጀመሪያ በረራ ከሁሉ አስተማማኝ የሚሆነው አውሮፕላኑ ብዙውን ጊዜ እዚያው ስለሚያድር ነው። በረራው ከተሰረዘ ወይም በአገር ውስጥ 3፣ በውጭ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ ለመጓዝ ያልፈለገ ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል፤ ቫውቸር ተቀበል ቢሉት አይገደድም። ሻንጣ ከጠፋ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ማስመዝገብና ቁጥር መቀበል ያስፈልጋል። በዓለም አቀፍ ጉዞ የተበላሸ ሻንጣ ቅሬታ በ7 ቀን፣ የዘገየ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል።

ሲወጡ አሜሪካ ፓስፖርት ላይ ማኅተም አትመታም። መውጣቱን የሚመዘግበው በአየር መንገዱ የሚላከው ስም ነው፤ አሁን ደግሞ ጌቱ ላይ ፎቶ ይነሳል። አገር ቤት ከተገባ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው የአይ-94 ገጽ ላይ መውጫው መመዝገቡን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ካልታየ ማስረጃ የሚሆኑት የመሳፈሪያው ወረቀትና የቦሌ መግቢያ ማኅተም ስለሆኑ ሁለቱም ለሚቀጥለው ቪዛ ይቀመጡ።